ለወይንሸት ዋስ ፍለጋ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባሌ አልነገርኩም፣ በየጾሙ የምንበረከክላቸው የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም። ለእሳቸው ትንንሹን ነው የማራግፈው። ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍኩ፣ ከጎረቤት ተኳረፍኩ እላለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ይፈቱኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ያ ሌላው አብሮኝ ይመለሳል።

አሁን የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ሰው ውሸትን ተሸክሞ ስንት ዓመት ይሄዳል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ፣ እውነታችሁን ነው። ብቻ አንብቡልኝ። እኔ ሰብለ የጓደኛዬን እንጀራ በአፌ ነጠቅኩ። ያውም እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ፈገግ እያለችልኝ።

ጅጅጋ ተወልጄ ጅጅጋ ነው ያደግኩት። አባቴ ከሸዋ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞተ። እማዬ በግቢያችን ያሉትን ሁለት ክፍሎች እያከራየች አሳደገችኝ። ሶማልኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ስቧርቅ ነው የለመድኩት፤ በስልክ የሚሰማኝ ሰው ሶማሌ ነች ይላል። መጻፍ ግን አልችልም። በኛ ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በሶማልኛ ሆኖ ነበርና የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ይዤ ሦስት ዓመት በሩ ላይ ቆምኩ። የቀረኝ ኤንጂኦ ነበር።

ሚሌኒየሙ በተከበረ ሰሞን አውበሬና ሸደር የስደተኛ መጠለያ ተከፈተና ድርጅቱ ሁሉ ወደ ጅጅጋ ፈለሰ። ከተማው በሥራ ፈላጊ ተጥለቀለቀ። ከሐረር ይመጣሉ፣ ከድሬዳዋ ይመጣሉ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር በአውቶቡስ ተጭነው ይመጣሉ። ጠዋት ተነስተን ቫካንሲ ዞረን እናያለን፤ ከአንዱ ድርጅት አጥር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው። አንድ ቦታ ይወጣል፣ መቶ ሰው ፎቶ ኮፒውን ይዞ ይሰለፋል። የበሩ ዘበኛ ስማችንን አውቆት ነበር። "ዛሬ የለም፣ እህት፣ ሂጂ" ይለኛል ገና ከሩቅ ሲያየኝ። ልብ የሚያደክመው እምቢታው አይደለም፤ በየቀኑ ደህና ልብስ ለብሶ እምቢ ለመባል መውጣቱ ነው።

ወይንሸት የመጣችው በዚህ መሃል ነው። የአሰላ ልጅ ናት። ወታደር ወንድሟ ጅጅጋ ተመድቦ ይዟት መጣ፤ ዓመት ሳይሞላው እሱን ወደ ሌላ ቦታ ቀየሩት፣ እሷ "ሥራ ሳልይዝ የትም አልሄድም" ብላ ከኛ ግቢ አንዷን ክፍል ተከራይታ ቀረች። ተከራይ አልኳት እንጂ ወር ሳይሞላ የቤት ሰው ሆነች። እማዬ እግሯን ያማታል፤ ወይንሸት ናት ውሃ አሙቃ የምታሽላት። እኔ የወለደችኝ ተቀምጬ።

እኔና እሷ ያጠናነው አንድ ነው፤ የሒሳብ አያያዝ። ልዩነቱ እሷ ገብቷት ነው ያጠናችው። ለእኔ ፈተና ማለፊያ ነበር። አብረን ቫካንሲ መዞር ጀመርን፤ ከዚያም አንድ ቀን ሸደር ላለው መጠለያ "ስቶር ኪፐር፣ ብዛት አንድ" የሚል ወጣ። ሁለታችንም ተመዘገብን። "አንዳችን እንግባ እንጂ ማንም ትግባ" አለች ወይንሸት። "አሜን" አልኩ። አሜን ስል ግን በሆዴ የራሴን ስም ነበር የጠራሁት። ያ ኃጢአት አይደለም መሰለኝ፤ ማን ለራሱ አይመኝም? ኃጢአቴ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ለፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረን እሷ አስተማረችኝ። ዕቃ ሲገባ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ሲወጣ በማን ፊርማ እንደሚወጣ፣ ቢን ካርድ የሚሉትን ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር የሚንጠለጠል ካርድ በደብተር ላይ በማስመሪያ እየሠራች አሳየችኝ። ሳይገባኝ ሲቀር እኔ እበሳጫለሁ፣ እሷ ትስቃለች። "ሰብሊ፣ ዘይት ገባ እንበል። አምስት ጀሪካን ተሰረቀ። ማን ነው ተጠያቂ?" "ሌባው" እላለሁ። "አይደለም፤ ቁልፉ ያለው ሰው ነው" ትለኛለች። ፈተናው ላይ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ከእሷ ነው። ይህን ሳልናገር የቀረውን ብናገር ግማሽ ውሸት ይሆንብኛል።

ውጤት አጥሩ ላይ ተለጠፈ። አንደኛ ወይንሸት። ተጠባባቂ ሰብለ።

እዚያው ዘለለችና አቀፈችኝ። እኔም አቀፍኳት። በትከሻዋ ላይ ያንን ወረቀት ደግሜ አነበብኩት፤ በሁለታችን መሃል የነበረው ሁለት ነጥብ ነው። በዚያች ደቂቃ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። "ትናንት መጥታ" ብዬ ነው ያሰብኩት። እኔ የአገሩ ልጅ፣ ቋንቋውን የማውቅ፣ ሦስት ዓመት በዘበኛ የተባረርኩ፤ እሷ ትናንት መጥታ። ደብተር ላይ እያሰመረች ስታስተምረኝ ትናንት መጥታ አላልኩም።

የንብረት ሥራ ስለሆነ ዋስ ያስፈልጋል። አንደኛ የወጣ ሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ዋሱን ይዞ ይቀርባል፤ ካላቀረበ ተጠባባቂው ይጠራል። ዋሱ ደግሞ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት፣ ለሌላ ሰው ዋስ ሆኖ የማያውቅ መሆን አለበት። ነጋዴ አይሆንም፣ ወታደር አይሆንም። ዘመድ ላለው ሰው ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ዘመድ ለሌለው ግን ከፈተናው የባሰ ፈተና ነው። አገር ያላወቀህ ሰው ማን ደሞዙን አስይዞ ይፈርምልሃል?

ወይንሸት ሁለት ቀን ሙሉ ዞረች። በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን አስተማሪዎች ለመነች። አንዱ ለወንድሙ ልጅ ፈርሟል፤ አንዱ ዝውውር ጠይቄያለሁ አላት፤ አንዱ ሚስቴን ልጠይቅ ብሎ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ስትመለስ እማዬ እግሯን ዘርግታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። "ምን ትንከራተቻለሽ?" አለቻት። "ሐሰን አለ አይደል እንዴ! ሰብለ፣ ነገ ይዘሻት አውበሬ ሂጂ።"

ሐሰንን ላስተዋውቃችሁ። እኔ አዴር ነው የምለው፤ አጎቴ ማለት ነው። በሶማሌ ልማድ አጎቱም መልሶ ልጅቷን አዴር ነው የሚላት፤ እኔ አዴር ስለው እሱ አዴር ይለኛል፣ ሌላ ስም በመካከላችን የለም። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ከሐርጌሳ ተመልሶ ሲመጣ ከነሚስቱ ያረፈው እኛ ግቢ ነው፤ እማዬ ስድስት ወር ያለ ኪራይ አስቀመጠችው። በኋላ አውበሬ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ገባና እዚያው ቀረ። አማርኛው አስር ቃል አይሞላም። ዋስ በስልክ አይጠየቅም፤ ቤቱ ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ ሻዩን ጠጥቶ ነው። እማዬ መሄድ አትችልም። ስለዚህ ወይንሸትን ወስጄ የማስተረጉምላት እኔ ሆንኩ። እኔ፣ ተጠባባቂዋ።

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ወይንሸት አንድ ኪሎ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝታ በፌስታል ይዛለች። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ የጫት ኩንታል ጉልበታችን ላይ ተደግፏል። "ምን እንደምትዪልኝ አስበሻል?" አለችኝ። "ተዪው፣ እኔ አውቃለሁ" አልኳት። ብዙ ጊዜ ለራሴ "እዚያ እስክደርስ ድረስ ምንም አልወሰንኩም ነበር" እያልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ሸደርን ስናልፍ የመጠለያውን ነጭ ሸራ አየሁ፣ እዚያ ስቶሩ በር ላይ ቁልፍ ይዤ ስቆም ታየኝ። የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ እሷ አልነበረችም።

አዴር ሐሰን ቤቱ ነበር። "ነበድ? ነበድ?" እያለ በሶማልኛ ሰላም ብሎ ተቀበለን፣ ምንጣፍ ላይ አስቀመጠን፣ የእማዬን እግር ጠየቀኝ። ሚስቱ ሻይ በወተት አመጣች። ነገሩን በሶማልኛ ነገርኩት፤ እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው የነገርኩት። ይቺ እህቴ ናት፣ ፈተና አንደኛ ወጥታለች፣ ዋስ አጥታለች፣ እማዬ ናት የላከችን አልኩት። ሳልጨርስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "የናትሽ እንግዳ የኔ ልጅ ናት" አለኝ። "ነገ ጠዋት ደብዳቤውን አጽፋለሁ። አልቋል፣ በያት።"

አልቋል በያት። አልቆ ነበር እኮ። ዞር ብዬ "እሺ ብሏል፣ ወይንዬ" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሦስት ቃል። ወይንሸት ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ትጠብቃለች። እኔ ግን ወደ እሷ አልዞርኩም። ወደ እሱ ጠጋ አልኩና ድምፄን ሳልቀንስ፣ እንደምትለምን ሴት አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ እንዲህ አልኩት፦

"አዴር፣ አንተን መደበቅ አልችልም። ልጅቷ ልቧ ጅቡቲ ነው። በአይሻ በኩል የሚያሻግራት ሰው አግኝታለች። ዛሬ የስቶር ቁልፍ ብትይዝ ነገ ጥላው ትሄዳለች፤ የጎደለውን ከአንተ ነው የሚጠይቁት። እማዬ ይህን አታውቅም፣ አንተም እንዳትነግራት። እኔ እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው ያመጣኋት። አንተው እምቢ በልልኝ።"

ይህን ሁሉ ስል ወይንሸት ራሷን ትነቀንቅ ነበር። አዎ፣ አዎ እያለች። የምለምንላት መስሏት፣ ቃሌን ለማገዝ፣ ለአዴር ሐሰን ፈገግ እያለች ትነቀንቅ ነበር። ከሠራሁት ሁሉ፣ እዚያ ቤት ካየሁት ሁሉ፣ ይቺ አንገቷ ናት የማትለቀኝ።

አዴር ሐሰን የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ "ወላሂ?" አለኝ።

አንገቴ ላይ ማተብ አለ። ማተቡ ላይ መስቀል አለ። "ወላሂ" አልኩት። በገዛ አምላኬ ስም ሐሰት ለመማል ያልደፈርኩትን በእሱ አምላክ ስም ማልኩ፤ እንዲያ ሲሆን የሚቀል መስሎኝ ይሆን? አምላክ ስንት ነው?

ሽማግሌው ቀና ብሎ ወይንሸትን አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሲጠፋ እኔም አየሁ፣ እሷም አየች። ከዚያ ያችን አስር የማትሞላ አማርኛውን ፈለገና "ልጄ፣ ይቅርታ። አልችልም" አላት። በእኔ በኩል አላስተረጎመም። ያን ያህል አክብሯታል።

ወይንሸት ብድግ ብላ እጁን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሱ እጁን ሰበሰበ። ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም ተባልን፣ ሩዝና የፍየል ሥጋ ከሙዝ ጋር መጣ። እኔ ሩዙን በላሁ። እሷ አንዲት ሙዝ ልጣ በእጇ ይዛ ቆየች። ስንወጣ የአዴር ሐሰን ሚስት ስኳሩን መለሰችላት፤ ምክንያቱን ባታውቅም እንግዳ በባዶ ልቡ ሲሄድ ስጦታውን መቀበል ነውር መስሏት ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ወይንሸት "ጅቡቲ ስትዪው ሰማሁ" አለችኝ። "ልጁ ጅቡቲ ነው፣ ቤተሰቡን እያነሳሁ ላለሳልሰው ብዬ ነው" አልኳት። አዴር ሐሰን ጅቡቲ ልጅ የለውም። "ብዙ ደከምሽልኝ" አለችኝና ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ምን ብዬ እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ፤ አላውቀውም። ለራሴ አዝኜ ይሆናል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ግን ወለምታ አልነበረም፤ መሬቱን አይቼ ነው የረገጥኩት። እቤት ስንደርስ ለእማዬም ያንኑ ነገርኳት፤ አዴር ሐሰን ፈራ፣ እምቢ አለ አልኳት። እማዬ ክው አለች። "ሐሰን? ስድስት ወር በነፃ ያኖርኩት ሐሰን?" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋ ላላ። የሃያ ዓመት ወዳጇን እስኪሞት ድረስ በልቧ ይዛበት ኖረች። ይህንንም በእኔ ላይ ጻፉት።

አምስተኛው ቀን አርብ ነበር። ወይንሸት ሁለት ቀን እንዲጨምሩላት ልትለምን ወደ ድርጅቱ ሄደች። እኔ ቤት ተቀምጬ ጠበቅኩ። ምን እንደሚሏት አውቃለሁ፤ "ተጠባባቂ አለን" ነው የሚሏት። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። የበሩን ቆርቆሮ ገፋ አድርጋ ገባችና ጫማዋን ሳታወልቅ እኔን ሳመችኝ። "እንኳን ደስ አለሽ፣ ሰኞ ይጠሩሻል" አለችኝ። "ቢያንስ ከቤታችን አልወጣም።"

ከቤታችን አልወጣም! ምነው ብትሰድበኝ። ምነው ብትጠረጥረኝ። ጠርጥራኝ ቢሆን እኔም እጣላት ነበር፣ ነገሩ ያኔ ያልቅ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዬን አውበሬ ሄድኩ። አዴር ሐሰን ለእኔ ፈረመልኝ። ደብዳቤውን ሲሰጠኝ "አንቺ ባትኖሪ፣ አዴር፣ ጉድ ሆኜ ነበር" አለኝ። ወይንሸት ለእኔ እንደፈረመልኝ ስትሰማም አልተቀየመችም። "ለልጁ ያደርጋል እንጂ እኔ ለሱ ማን ነኝ?" አለች።

ሸደር ገባሁ። ዘይት፣ ብርድ ልብስ፣ ሸራ፣ ባልዲ እያስገባሁ አስወጣሁ፤ ወይንሸት በማስመሪያ ያሳየችኝን ካርድ በየዕቃው ላይ አንጠለጠልኩ። ዘጠኝ ዓመት አንዲት ጀሪካን ጎድላብኝ አታውቅም። በምስክር ወረቀቴ ላይ "ታማኝ ሠራተኛ" የሚል አለ። ስስቅበት ኖሬያለሁ፤ የሚያስቅ ሆኖ ግን አይደለም።

እሷ ከእኔ በኋላ ስምንት ወር ቆየች። አንድ ሆቴል ሻይና ምግብ ታቀርብ ነበር። ቫካንሲ መዞሩን ተወችው። ምነው ስላት "ዋሱን ማን ያመጣልኛል" አለችኝ። አንድ ቀን ከሸደር ለእረፍት ስመጣ ክፍሏ ባዶ ነው። እማዬ ናት የነገረችኝ፤ ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና በአይሻ በኩል ጅቡቲ ገባች።

በአይሻ በኩል። ጅቡቲ። የተናገርኩት ቃል በቃል ሆነ። ስምንት ወር ቀደም ብዬ ከአፌ ያወጣሁትን መንገድ፣ ሌላውን መንገዷን ሁሉ ዘግቼባት፣ እሷ በእግሯ ሄደችበት። አዴር ሐሰን ከእማዬ ሰምቶ ሸደር ስቶሩ በር ድረስ መጣ። ሁለት እጄን ያዘኝ። "እውነትሽን ነበር፣ አዴር" አለኝ። "አላህ ይስጥሽ።" ከዚያ በኋላ ሰው ዋስ ሁነኝ ባለው ቁጥር ይህንን ታሪክ ያወራ ነበር አሉ። ታማኟ የክርስቲያን ልጅ እንዴት እንዳዳነችው።

እሱ ሲሞት ለቅሶ ሄጃለሁ። የመጣው ሁሉ "ሐሰን ከደጁ ሰው መልሶ አያውቅም" ይላል። እኔ ብቻ ነበርኩ አንዲት በደል የሌለባት ልጅ እንደመለሰ የማውቀው። እንዲመልሳት ያደረግኩት እኔ መሆኔንም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ተነስቼ መናገር እችል ነበር። ውሃ ጠየቅኩና ጠጥቼ ተቀመጥኩ።

አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ልንገራችሁ፤ እስካሁን ያልኩት ልጅነት ነበር ቢባል ይህኛው ግን አይባልም። አርባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ፣ የልጆች እናት ሴት ሆኜ የሠራሁት ነው።

ወይንሸት ከስንት ዓመት በኋላ ተመለሰች። ድሬዳዋ ላይ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከፍታ ትኖራለች። እማዬን ልትጠይቅ ጅጅጋ መጣች፤ ሽቶና ሻሽ ይዛላት፣ እግሯ ላይ ተደፍታ ሳመቻት። ከስታለች፣ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ሸብቷል። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሶማልኛውን ስታንበለብለው ገርሞኝ አየኋት። ከምሳ በኋላ እማዬ ጋደም አለችና እኔና እሷ በረንዳው ላይ ቀረን። ስለ ጅቡቲ ነገረችኝ፤ ሰው ቤት ነበር የሠራችው።

"ሰብሊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለችኝ። "ያ አውበሬ የወሰድሽኝ ሽማግሌ። ፊቴ ላይ ምን አይቶ ነው?"

"እንዴት?" አልኳት።

"መጀመሪያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር እኮ። እሺ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፣ አየኝ፣ አየኝና ፊቱ ተለወጠ። የሌባ ፊት ይሆን ያለኝ? ጅቡቲ ስሠራ ከቤት ዕቃ ሲጠፋ ማንም ሳይጠይቀኝ በፊት ሻንጣዬን አምጥቼ እዘረግፍ ነበር። እመቤቲቱ ትስቅብኝ ነበር፤ ማን አንቺን አለሽ ትለኝ ነበር። እኔ ግን ያ ሽማግሌ ያየውን ያዩ ይመስለኛል። አሁን ቋንቋውን አውቀዋለሁ፤ ሄጄ ራሴ ብጠይቀው ደስ ይለኛል።"

"ሞቷል" አልኳት።

ሞቷል ስል እፎይ አልኩ። ይህንንም አልደብቃችሁም። ሰውዬው በመሞቱ እፎይ አልኩ።

"ነፍሱን ይማረው" አለችና ቆይታ "ታዲያ አንቺ ምን መሰለሽ?" አለችኝ። አጠገቤ ነው የተቀመጠችው፤ ጉልበቷ ጉልበቴን ይነካል። ዕዳዋን የምትጠይቅ ሰው አልመሰለችም፤ ሕመሟን ለሐኪም የምትናገር ነበር የምትመስለው። መድኃኒቱ እኔ አፍ ውስጥ ነበር። ሥራው ቀርቷል፣ ዓመቱ ቀርቷል፣ እነዚያን ልመልስላት አልችልም። ይህቺን ግን እችል ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር።

"ሽማግሌ አይደል፣ ፈርቶ ይሆናላ" አልኳት። "ተዪው፣ አሮጌ ነገር አታንሺ።"

"እሱስ ነው" አለች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። የጠረገችው ላብ አልነበረም፤ ፊቷን ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ ሥራ አጥቼ ነበር ልበል። ሦስት ዓመት ተንገላትቼ፣ እናቴ ታማ፣ ቀንቼ ልበል። በሁለተኛው ጊዜ ምን አጥቼ ነበር? ምንም። ሰላምታዋን እንዳላጣ ነው። በየበዓሉ የምትደውልልኝን ስልክ እንዳላጣ ነው። የቆሰለ ሰው ከነቁስሉ እንዲወደኝ ፈልጌ ነው። ከዚህ በላይ ክፋት አለ? ካለ ንገሩኝ፣ እኔ አላገኘሁም።

አሁንም ትደውላለች። "ሰብሊዬ፣ እንኳን አደረሰሽ፣ እማዬ እንዴት ናት?" ትለኛለች። እኔም "ደህና ናት፣ ወይንዬ" እላለሁ። በየጊዜው ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርተን እንዘጋለን። በአፌ ያጠፋሁትን በአፌ ማቃናት ስላቃተኝ ነው በእጄ የምጽፈው። ለእሷም አንዲት ወረቀት እልክላታለሁ። ይቅር በይኝ የሚል ግን አልጽፍበትም፤ ይቅር ማለት ትወዳለች፣ መቆጣቷንም ልቀማት አልፈልግም። ትጥላኝ። መብቷ ነው፤ ስንት ዓመት ተነጥቃው የኖረችው መብቷ።

የምጽፍላት የጠየቀችኝን መልስ ብቻ ነው። ወይንዬ፣ አዴር ሐሰን እሺ ብሎሽ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ ያደረገው እሺ ሲልሽ ነው። ቀና ብሎ ያየሽ እኔ ቁልፉን ጥላ ጅቡቲ ትሄዳለች ብዬ በሐሰት ከነገርኩት በኋላ ነው፤ ያየው የኔን ቃል እንጂ አንቺን አይደለም። ፊትሽ ላይ ምንም አልነበረም። ሻንጣሽን አትዘርግፊ። ፊትሽ ላይ ምንም አልነበረም።